ከኦቦ ቱሳ ሥዕል ስለተቆረጡት ሁለት እጆች

ለክቡር አቶ ኃይለመስቀል
የ«ማለዳ ደወል» ሳምንታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

በጋዜጣዎ ሦስተኛ ገጽ ላይ፣ «የእኛ አስተያየት» ከሚለው ዓምድ ራስጌ፣ አንዱን ሳምንት ሥራ ፈት፣ አንዱን ሳምንት ሰካራም፣ አንዱን ሳምንት ጉቦኛ ሆኖ የሚወጣው ያ ጥምጥም ያሰረ ሽማግሌ ለመሆኑ ማን ነው? ጋዜጣዎን አዘውትሮ የሚገልጥ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ለራሱ ሳያቀርብ አይቀርም። እኔ መልሱን ከማንም ይልቅ ስለማውቀው፣ እርስዎም እስካሁን ስላልጠየቁ፣ ይህችን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ተደፋፍሬያለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የአዲስ አበባ ብርድ ወገብዎን እንዳይነካዎ፣ የማታ ንባብ ዓይንዎን እንዳያደክመው፣ በተለይም ቆርጦ የሚጥለው እጅዎ እንዳይዝልብዎ ዘወትር እመኛለሁ። የእኔን ጤና መጠየቅ ከፈለጉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎትና አባቴን ቀና ብሎ ከማየት በቀር ምንም የጎደለብኝ የለም።

ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። ፈቃደ ገብረኪዳን እባላለሁ፤ አሰላ ተወልጄ ያደግሁ፣ የባለ ሱቁ የገብረኪዳን ልጅ፣ አምና ከሥዕል ትምህርት ቤት የተመረቅሁ ነኝ። በተመረቅሁ ሰሞን ቢሮዎ መጥቼ ሥዕሎቼን ባሳየሁዎ ጊዜ ከወንበርዎ ተነሥተው እጅዎን ዘርግተው ጨበጡኝና «አገር የሚፈልገው እንዳንተ ያለውን ወጣት ነው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ቃል ይዤ ከናዝሬት እስከ አሰላ ያለውን ዳገት በአውቶቡስ ሳይሆን በክንፍ የወጣሁት መስሎኝ ነበር። እንደ ስምምነታችን ዓምዱ ሲጻፍ በአውቶቡስ ይላክልኛል፤ እኔም አንብቤ፣ አውጥቼ አውርጄ፣ የሚስማማውን ሥዕል በጥቁር ቀለም ሠርቼ በዚያው አውቶቡስ እመልሳለሁ። እግዜር ያሳይዎት፣ ያን አውቶቡስ አንድ ቀን እንኳ አላስጠበቅሁትም።

የአስተያየት ሥዕል የገጽ ጌጥ ነው ብዬ አላምንም። ጽሑፉ ሲሟገት ሥዕሉ ይመሰክራል፤ ምስክር ደግሞ ያየውን እንጂ ያላየውን አይናገርም። ይህን የምለው ልመክርዎ አይደለም፤ እኔ ማን ሆኜ! ይህን እያመንኩ ስንት ጊዜ ወረቀት እንደ ቀደድሁ እንዲያውቁልኝ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዓምድ ርእሱ «አስታራቂ ሽማግሌ የአገር ምሰሶ ነው» የሚል ነበር። መጀመሪያ ሚዛን ሣልሁ፤ ሚዛን የዳኛ ነው ብዬ ተውሁት። ቀጥዬ የሚፈታ ቋጠሮ ሣልሁ፤ ከውጭ አገር መጽሔት የተቀዳ መሰለኝና እሱንም ቀደድሁት። በመጨረሻ ከተማ ለከተማ ምን ያንከራትተኛል ብዬ፣ በጭላሎ ግርጌ ገብሳቸውን እያረሱ ወደሚኖሩት ወደ ኦቦ ቱሳ ወጣሁ። «ኦቦ» በእኛ አገር ለትልቅ ሰው የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ እርስዎን «ክቡር» እንደምንልዎ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ኦቦ ቱሳን የሚጠራቸው ሰው የሚያስፈልገው ነገር በሌለ ጊዜም እንዲሁ መጥራቱ ነው። ከኢተያ እስከ ጎበሳ ደም የተቃቡ ቤተ ሰቦች ሲደክማቸው የሚልኩት ወደ እሳቸው ነው።

ሽማግሌው ወዲያው እሺ አላሉኝም። ሰው መሣል በሃይማኖታቸው እንደማይወደድ ነገሩኝ። ገብሱ ውስጥ የገባችውን ላም ካስወጡ በኋላ ግን ተመልሰው ተቀመጡና «ለዕርቅ ከሆነ ይሁን፤ መልኬን ስትወስድ አደራውንም አብረህ ውሰድ» አሉኝ። ወሰድሁ። እሳቸው ሲያስታርቁ የራሳቸው ልማድ አላቸው፤ ነገሩ ሁሉ ተነግሮ ካለቀ በኋላ መዳፋቸውን ወደ ፊት ይዘረጋሉ፣ ሁለቱ ጠበኞች ደግሞ እጃቸውን እዚያ መዳፍ ላይ ያኖራሉ፤ ያኔ ዕርቁ ታሰረ ይባላል። እኔም ይህንኑ ሣልሁ፤ የተዘረጋ የሽማግሌ መዳፍ፣ ሊያርፉበት የሚመጡ ሁለት እጆች።

ያን ጊዜ ሥዕሉ ሙሉውን ወጣ። ለዚህ ያለኝ ምስጋና እውነተኛ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ብቸኛው እውነተኛ ምስጋና ስለሆነ እባክዎ በጥንቃቄ ይያዙልኝ። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ውለታዎችዎን ግን እንዳይምታቱብኝ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ዓምዱ ስለ ሥራ ፈትነት ነበር፤ እኔም ሸረሪት ከግድግዳው ጋር በድር ያጋባችውን ዶማ ሥዬ ላክሁ። ጋዜጣው ሲመጣ ዶማው የለም፤ ኦቦ ቱሳ አሉ። ለካስ ማተሚያ ቤቱ «ክሊሼ» የሚለው፣ ሥዕሉ ተቀርጾበት እንደ ማኅተም ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው የዚንክ ሰሌዳ፣ አንዴ ከተሠራ በመሳቢያ ይቀመጥና ባስፈለገ ቁጥር ይወጣል። አዲስ ከማስቀረጽ የተቀረጸውን ማውጣት እንደሚቀል ማንም ያውቃል፤ የትናንቱን ጎመን የሚያሞቅም ያውቃል። ዘንድሮ ለልጅ ልጅዎ ሰርግ የአምናው ሙሽራ እንዳይቀርብ ግን እሰጋለሁ።

፪ኛ. ስለ ልክዎ አመሰግናለሁ። በዚያው ሳምንት ከዓምዱ ጎን የሳሙና ማስታወቂያ ገብቶ ስለ ነበር ቦታው ጠበበና ሰሌዳው በመጋዝ ተቆረጠ። በመጋዙ የሄዱት ሁለቱ የታራቂዎች እጆች ናቸው። የቀረው፣ ዓይኑን ወደ አንድ ሰው የጣለ፣ መዳፉን ዘርግቶ የሆነ ነገር እንዲቀመጥበት የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ልብስ አጥቦ የሚያነጣ ሳሙና የሰው ስም ሲያቆሽሽ ያየሁት በዚህ ጊዜ ነው።

፫ኛ. ስለ መጠጥ የተጻፈውን ዓምድ አንብቤ፣ ጠጅ ቤት ደጃፍ ላይ ባለቤቱን እየጠበቀ ቆሞ ያንቀላፋ የጋሪ ፈረስ ሣልሁ። እውነቱን ልናገር፣ ስሥለው ራሴ ስቄአለሁ፤ ጥሩ ፈረስ ነበር። የወጡት አሁንም ኦቦ ቱሳ ናቸው። እኒህ ሰው እንኳን ሊሰክሩ፣ ጠላ የተጠመቀበት ቤት አጠገብ ፈረሳቸውን እንኳ አያስሩም።

፬ኛ. ስለ ጉቦ በተጻፈው ጊዜ፣ የመሥሪያ ቤት ደረጃ ባለጉዳዩን ቀድሞ የሚወጣ ሙክት ልኬ ነበር። ሙክቱ ወዴት እንደ ደረሰ አልጠይቅም፤ ኅዳር ጾም ስለሆነ ደኅና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። በእሱ ቦታ ያችን የተዘረጋች መዳፍ አገኘኋት። እዚህ ላይ መጋዝ የያዘውን ሰው ማድነቅ ይገባኛል፤ ለጉቦ ዓምድ ከዚያ የተሻለ ሥዕል እኔ ሆን ብዬ ብሠራ እንኳ አይወጣልኝም ነበር።

፭ኛ. ሁለቱ እጆች ሲቆረጡ በሌላው ጥግ ያለው የእኔ ፊርማ ሳይነካ ስለ ቀረ እጅግ አመሰግናለሁ። ሥዕሉ የማን እንደሆነ አሰላ ውስጥ የሚጠራጠር የለም።

አሁን፣ ይህ ሁሉ ምን አደረሰ ቢሉ፣ የልብስ ሰፊውን የሽኩርን ግድግዳ ማየት ያስፈልጋል። ሽኩር ሱቁን የሚለብጠው በጋዜጣ ነው፤ እንደ አብዛኛው የአገራችን ሰው። ቁርዓኑን በዐረብኛ ያነባል፤ ፊደላችንን ግን አልተማረም። ኦቦ ቱሳን ጋዜጣ ላይ ባየ ጊዜ «ሽማግሌያችን አዲስ አበባ ገቡ!» ብሎ በደስታ በራፉ ላይ፣ ለመንገደኛው ሁሉ በሚታይበት ቦታ ለጠፋቸው። በሚቀጥለውም ሳምንት ለጠፋቸው። በሚቀጥለውም። «አንድ ጊዜ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሰዉ ወደዳቸው ማለት ነው!» ይለኝ ነበር። እኔ ቀድጄ እንዳልጥለው ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ምክንያቱን ከተናገርሁ ደግሞ ለማያውቀው ላሳውቀው ነው፤ በዚህ መሐል ቆሜ በደብዳቤ የለመንሁዎን እርማት በየአውቶቡሱ ጡሩምባ ስጠብቅ፣ ኦቦ ቱሳ በገበያ ቀን በዚያ ሲያልፉ ሽኩር ከስፌት መኪናው ተነሥቶ እጅ ይነሣቸዋል፤ እሳቸውም ራሳቸውን በሰልፍ ተለጥፈው አይተው በእፍረት ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ክቡር ሆይ፣ ያን ፈገግታ መሣል አልችልም። ሞክሬ አቅቶኛል።

ይህ የቆየው ፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉት ኃይለየሱስ አንድ የገበያ ቀን ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው፣ ሽኩር እስኪጨርስ ድረስ ግድግዳውን ጮክ ብለው ማንበብ እስኪጀምሩ ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ እኔም እዚያው ነበርሁ። ከነዚያ ውስጥ አንዱ ሀሰኖ ነው።

ሀሰኖን አያውቁትም። በጎበሳ በኩል ወንድሙ በድንበር ጠብ የተገደለበት ሰው ነው። ሁለቱ ወገኖች ከብዙ ልመና በኋላ ጉማ፣ ማለትም የደም ካሣ ተቀባብለው ሊታረቁ ተስማምተው፣ ቀኑም የገብሱ አጨዳ ሲያልቅ ተብሎ ተቆርጦ ነበር። ሀሰኖ እሺ ያለው ስለ ካሣው አይደለም፤ «ቱሳ ከተቀመጠ እቀመጣለሁ» ብሎ ነው። ያን ዕለት ኃይለየሱስ የጉቦውን ዓምድ ሲያነቡ ሰምቶ፣ ሥዕሉ ሥር ቆሞ ብዙ ካየ በኋላ፣ «ጋዜጣ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ያወቀበትን እኔ ልሸፍንለት? እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ሽማግሌ ወንድሜን ሊሸጥልኝ ነው?» አለና ወጣ። ጋዜጣዎ የግል ነው ብዬ መንገድ ድረስ ተከትዬ ነገርሁት። «የግል ከሆነማ የባሰ፤ ጎረቤት ሁሉ አውቆበታል ማለት ነው» አለኝ።

በማግሥቱ ኦቦ ቱሳ ሱቃችን መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ብሰደብ እንዴት ባረፍሁ! አባቴ ያቀረቡላቸውን ወንበር ሳይቀበሉ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጋዜጣ ጎን ለጎን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ልጄ፣ መዳፌ ላይ ሊያርፉ ይመጡ የነበሩት እጆች የት ሄዱ?» አሉኝ። ስለ ክሊሼ፣ ስለ መጋዝ፣ ስለ ሳሙና አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። «እንግዲህ ንጹሕ ሰው ነው እስኪባል የተጠረጠረ ሽማግሌ አይቀመጥም። ሕጋችን ነው። ያስወጡኝ የጋዜጣው ሰዎች ናቸውና እነሱ ያስገቡኝ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወረዱም።

ቤታችን እንዴት ከረመ ቢሉኝ፣ አባቴ ለሚመጣው ገበያተኛ ሁሉ «ሥዕል ይማር ብዬ ላክሁት፣ ሰው መቁረጥ ተምሮ መጣ» ይላሉ። የኦቦ ቱሳ ልጅ ፋጡ ጨው ልትገዛ መጥታ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ፈቃደ፣ እኔንም ሣለኝ እንጂ፤ ብቻ ለሳሙናው ስትል አንገቴን እንዳታስቆርጠኝ» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ የገዛችውንም ጨው ረስታው ሄደች።

ደጋግሜ ጽፌልዎ በመጨረሻ ስለ ላኩልኝ መልስ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሽማግሌው በአንባቢ ዘንድ ስለ ተወደዱ እንዲቀጥሉ መወሰኑን፣ ደግሞም «ባላገር ጋዜጣ ስለማያነብ» ጭንቀቴ መሠረት እንደሌለው ገልጸውልኛል። እውነትዎን ነው፤ ባላገር አያነብም። ያያል። ያልተማረ ዓይን ሥዕልን እንደ መሐላ ነው የሚያምነው፤ እኔም ይህን ሙያ የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነበር። ለሚያነብማ የእርስዎ ጽሑፍ ይበቃው ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ስቀልድ የቆየሁት ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። አጨዳው እያለቀ ነው። ከቤታችን ሆኜ ወደ ዳገቱ ስመለከት ማሳው አንድ በአንድ ሲነጣ አያለሁ፤ እኔ እንደሌላው ሰው ምርት ገባ ብዬ ደስ መሰኘት አልቻልሁም። ሀሰኖ ካልተቀመጠ ዕርቁ የለም፤ ዕርቁ ከሌለ ደግሞ እዚያ አገር ቀጥሎ የሚሆነውን ለእርስዎ መንገር ልጅነት ነው። እኔ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ከአንድ የሳሙና ማስታወቂያ አይሰፋም። ሥዕሉን እንደ ገና ሙሉውን ሠርቼ በዛሬው አውቶቡስ ልኬያለሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ፣ በዚያው በሦስተኛው ገጽ፣ ሁለቱን እጆች ሳይነኩ ያትሙልኝ፤ ከሥሩም «እኒህ ሰው የአሰላው አስታራቂ ሽማግሌ ኦቦ ቱሳ ናቸው፤ ስለ ሥራ ፈት፣ ስለ ሰካራምና ስለ ጉቦኛ በተጻፈው ላይ መልካቸው የወጣው በእኛ ስሕተት ነው» የሚል አንድ መሥመር ይጨምሩበት። የተቆረጠውንም ሰሌዳ ይላኩልኝ፤ መልካቸውን በእጄ እንደ ወሰድሁ በእጄ ልመልስላቸው።

ከዚህ በኋላ ሥዕል እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ። ሌላ የምልክበት ጋዜጣ የለኝም፤ አሰላ ውስጥ በሥዕል እንጀራ የበላ ሰውም እስካሁን አልተወለደም። ስለ ገና የሣልሁት፣ ስለ መንገድ ሥራ የጀመርሁት፣ ሳላስበው ብድግ እያልሁ በሌሊት የማሰላስለው ብዙ ነገር ነበረኝ። ይሁን። ያን ሁሉ ለዚህች ለአንዲቷ ሐሙስ ለውጫለሁ።

ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ከተላከው ሌላ፣ ከነዚያ ጋዜጦች አጠገብ በሽኩር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ኃይለየሱስም በገበያ ቀን ጮክ ብለው ሊያነቡት፣ ለሀሰኖ ወገኖችም በሚገባቸው ቋንቋ ሊተረጉሙት በፈቃዳቸው ቃል ገብተዋል። በኦቦ ቱሳ እጅ የታረቃችሁ፣ ከኢተያም ሁኑ ከጎበሳ፣ እባካችሁ መጥታችሁ ከሥሩ ስማችሁን አስጽፉ፤ ስሙን መጻፍ የማይፈልግ ጣቱን ያትም፤ ጣቱን ማተም የሚፈራ ደግሞ በዚያ በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ «አዎን፣ እኔንም አስታርቀውኛል» ይበል፤ ሽኩር ይሰማል። እርስዎም፣ ክቡር ሆይ፣ መልስዎን ቢልኩልን ከሁሉ በላይ ቦታ ትተንልዎታል።

የጋዜጣዎ ዕድሜ እንዲረዝም፣ ገጹ እንዲሰፋ፣ የሳሙናው ገበያ እንዲደራልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ፣ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ፣ በሁለት ሙሉ እጆቼ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞው ሠዓሊዎ
ፈቃደ ገብረኪዳን
አሰላ፣ ኅዳር ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የእርስዎንም መልክ ከትዝታዬ ሥዬ ለጥፌዋለሁ፤ ቢሮዎ የመጣሁ ዕለት ከወንበርዎ ተነሥተው፣ በፈገግታ፣ ሊጨብጡኝ እጅዎን ዘርግተው። የእኔም እጅ ከፊት ለፊት ወደ እርስዎ ሲመጣ ይታያል። እጅግ የተከበረ ሥዕል ነው፤ እርስዎን የማያውቅ ሰው እንኳ ቢያገኝዎ ይለይዎታል። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ክፍት ቦታ ጠባብ ስለሆነ፣ ሽኩር መቀሱን ይዞ «ይህችን የዳር እጅ ልቁረጣት ወይ?» እያለ ይጠይቀኛል። ሐሙስ አውቶቡሱ እስኪመጣ ታገሠኝ ብዬዋለሁ።